ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ

ሰኔ 7፣ ሰኞ

ዛሬም ዎርክሾፕ። «ብዝኃ ሕይወትና መገናኛ ብዙኃን» ይላል ባነሩ። ከባነሩ ሥር የፕላስቲክ አበባ ደርድረዋል። የፕላስቲክ! ለብዝኃ ሕይወት! ማንም አላየውም ወይስ ሁሉም አይቶ ዝም አለ? ፎቶ አነሳሁት። ለማን እንደማሳየው ግን እንጃ... እዚያ ያለው ሁሉ አበባውን ከጀርባው አድርጎ ሲነሳ ነው የዋለው።

ፊት ወንበር ላይ እንደ ሁልጊዜው ጋሽ ጉባኤ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጉባኤ ካለ አይቀርም፣ ጉባኤ ከሌለ አይገኝም። ያለፉትን ስብሰባዎች ባጅ ሳያወልቅ የዛሬውን ደርቦበታል፤ የጦር ሜዳ ጀግና ነው የሚመስለው። የአካባቢ ጋዜጠኛ፣ ፍሪላንስ። እንደ እኔ። እንደ እኔ! ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን እሱ ነው። ማን ያየኛል?

በሻይ ሰዓት ስለ ረግረግ የጻፈውን አነሳሁበት። ባለፈው ሳምንት የወጣውን። «ፀሐይ ስትጠልቅ የወፎቹ ዝማሬ ጆሮዬን ሞላው» የሚለውን።

«ጋሼ፣ የትኛው ረግረግ ነው?»

«አንድ ሩቅ ረግረግ።»

«ስሙ?»

«ልጄ፣ አንባቢ ስም ምን ያደርግለታል? ስሜት ነው የሚፈልገው።» ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነከረ።

«የትኞቹ ወፎች ናቸው ታዲያ የዘመሩት?»

«ኧረ ተይኝ... ወፍ ወፍ ነው!»

ወፍ ወፍ ነው። ይሄው፣ የሙያው አባት። ጫማውን አየሁት። እንኳን ጭቃ፣ አቧራ የነካው አይመስልም። ረግረግ ረግጦ አያውቅም፤ ዝማሬውንም የሰማው ከስልኩ ነው። ለዚህ ሰው ይከፍሉታል፣ መድረክ ላይ ያወጡታል፣ «አንጋፋው» ይሉታል። የእኔን የጽሑፍ ሃሳብ ደግሞ አንብበው እንኳ አይመልሱም።

ደህና። እኔ እሄዳለሁ። የትም ይሁን እሄዳለሁ።

ሰኔ 8፣ ማክሰኞ

አንዱ ኤዲተር መለሰ። «ሃሳብሽ ግሩም ነው፤ ለእኛ ግን አይሆንም።» ግሩም ከሆነ ለምን አይሆንም? ካልሆነስ ለምን ግሩም ይላል?

ሰኔ 12፣ ቅዳሜ

እህቴ መድኃኒት ቤቷን ዘግታ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ፦

«ዛሬስ ሥራ ተገኘ?»

«እየጠበቅሁ ነው።»

«ወፍ የለም በይኛ!» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ስለ ወፍ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ይህችኑ ቀልድ ነው። አታልቅባትም።

«አንቺ ልጅ፣ በባዮሎጂ ተመርቀሽ ላብራቶሪ መግባት ስትችይ...»

«እትዬ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ሁሉ የሞተ ነው።»

«የሞተውስ ደመወዝ ያስገኛል።»

ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ጽሑፎቼን አንብባ አታውቅም። ርዕሱን ታይና «ረዥም ነው» ትላለች። የመድኃኒት ወረቀት ግን፣ ያንን እንደ ጉንዳን የደቀቀውን ጽሕፈት፣ እስከ ግርጌው ታነበዋለች።

ሰኔ 16፣ ረቡዕ

መለሰች! ትልቁ የተፈጥሮ መጽሔት! ባሕር ማዶ ያለው! ኤዲተሯ ራሷ ናት የጻፈችው።

«ማንም ያልጻፈበት ከሆነ እንፈልገዋለን። ግን ቦታው ላይ መገኘትሽን ማረጋገጥ አለብን። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጽፉት የረግረግ ታሪክ ሰልችቶናል።»

ሳታውቀው ጋሽ ጉባኤን ሰደበችልኝ። ወደድኳት።

የላክሁላት ታሪክ የአንገተ ቀይ ሽመላ ነው። በዚህ በኩል ጠፍታለች ከተባለ ቆይቷል። ባለፈው ወር ግን አንድ የረግረግ ጠባቂ ለዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ ደውሎ «ረዣዥም፣ አንገታቸው ደም የመሰለ፣ ሁለት ወፎች መጥተዋል» አለው። አስተማሪዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በጽሑፍ ይላኩልን።» ሽመላዋ ማመልከቻ ታስገባ እንዴ? የጠባቂውን ቁጥር ከጠረጴዛው ላይ ቀድቼ ወጣሁ። እሱ አሁንም በጽሑፍ እየጠበቀ ይሆናል።

ሰኔ 18፣ ዓርብ

ከረግረጉ ዳር፣ ከጠባቂው ቆርቆሮ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ ውኃ ይተፋል። ካልሲዬ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጠባቂው የሚጠብቀው ስልኩን ነው። ቀኑን ሙሉ ጌም ይጫወትበታል። ጀርባው ላይ «ረግረጋችንን እንጠብቅ» የሚል ጃኬት አድርጓል፤ እሱ ራሱ ጀርባውን ስለማያይ ይሆናል።

«አባባ፣ እዚህ ሰው ይመጣል?»

«ማን ጉድ ብሎት! ትንኝና እኔ ብቻ ነን።»

«ወፎቹን ማን ይጠብቃቸዋል ታዲያ?»

«ማንም ካልመጣ ከማን ልጠብቃቸው?» ወደ ጌሙ ተመለሰ።

ሰነፍ!

በታንኳ ወሰደኝ። እየገፋ ያፏጫል። ቄጠማው ጋ ስንደርስ ማፏጨቱን ተወ።

እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ... አየኋት። የቄጠማ ክምር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ስትነሳ ከሥሯ ሁለት እንቁላል። ወንዱ መጣና ጎንበስ አለላት፣ እጅ የነሳት መሰለኝ፤ ለቀቀችለትና ተተክቶ ታቀፈ። ተራ ይገባሉ! እኔና እህቴ ለዕቃ ማጠብ እንኳ ተራ መስማማት አቅቶናል።

ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ካሜራውን አንገቴ ላይ ትቼ ዝም ብዬ አየሁ። ዓይኔ ረጥቦ ነበር። ላብ ይሆናል።

ይህን ጋሽ ጉባኤ አይቶ አያውቅም። አያይምም።

ሰኔ 22፣ ማክሰኞ

ጽፌ ላክሁ። «ጆሮዬን ሞላው» የሚል ነገር የለበትም። ወፏ ምን እንደምትበላ፣ ረግረጉን ማን እንደሚያደርቀው፣ ጎጆዋ በምን እንደተሠራ... ሁሉ አለ። አንብቤ አንብቤ ራሴን አደነቅሁ። ትሕትናን ሌላ ጊዜ እለማመዳለሁ።

ሰኔ 25፣ ዓርብ

መጽሔቱ መረጃ አጣሪ የሚባል ሰው አለው። ሥራው አለማመን ነው። «ጎጆው ጋ መድረስሽን በምን እናውቃለን?» አለ። የጂፒኤስ ቁጥሩን ላክሁለት፤ አንዲት ዲጂት ሳልቆርጥ። እንካ! ጋሽ ጉባኤን እንዲህ ብትሉት ምን ይልክ ይሆን? የሆቴሉን ክፍል ቁጥር?

ከሰዓት ኤዲተሯ ጻፈች። «የጎጆውን ቁጥር አየሁት። ካርታ ሠሪዎቻችን ጽሑፉ ላይ ካርታ ይጨምራሉ። ነጥቡን ትክክለኛው ቦታ ላይ ብናደርገው ይስማማሻል?»

የጎጆ ቦታ አይነገርም፣ ተምረነዋል። የመጀመሪያ ዓመት ነው የተማርነው። ግን ይሄ እኮ የመንደር ብሎግ አይደለም፤ የሚያነበው ወፍ የሚወድ ሰው ነው። ደግሞ ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል? ጠባቂው ራሱ «ማን ጉድ ብሎት» ብሏል። ነጥቧ ካረፈች ማንም «አንድ ሩቅ ረግረግ» አይለኝም። ጋሽ ጉባኤም ያያታል። በትልቁ፣ በቀይ።

«ደስ ይለኛል» ብዬ መለስኩ። ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር።

ሐምሌ 2፣ ዓርብ

ወጣ!

ስሜ ከላይ። ከስሜ ሥር ሽመላዋ። ከሽመላዋ ሥር ካርታው፣ ካርታው ላይ ነጥቧ። እህቴ መድኃኒት ቤት ለሚመጣው ሁሉ ስልኳን ታሳያለች። ሳል ለሚያስለው ሰውዬ ሳይቀር። «የታናሼ ነው። ረዥም ነው ግን።» ያነበበ የለም። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ይላል። ስለ ምኑ ብላቸው አያውቁትም!

ሌንስም ደወለ። ሌንስ የምለው አብሮኝ የተማረው ልጅ ነው፤ ከካሜራው ጋር የተወለደ። ወፍ አይወድም፣ ወፍ ይሰበስባል። ያላየው ወፍ ካለ እንቅልፍ የለውም። አይቶ ፎቶ ካነሳ በኋላ ደግሞ ወፏ ትሙት ትዳን ግድ የለውም።

«ካርታው ግን! አንደኛ ነሽ!» አለኝ። «እኛ እኮ የሌላውን ሰው ፎቶ ይዘን፣ ከጀርባ ያለውን ኮረብታ አይተን፣ የጥላውን አቅጣጫ ለክተን ነው ቦታ የምናወጣው። አንቺ አቀለልሽልን።»

ሳቅሁ። አመሰገንኩትም።

ሐምሌ 4፣ እሑድ

ጋሽ ጉባኤ ደወለ። «ካርታ ሁሉ አስገብተሻላ!» ድምፁ ውስጥ ቅናቱን ሰማሁት። ቀኑን ሙሉ ሲጣፍጠኝ ዋለ።

ሐምሌ 6፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጠባቂው ደወለ።

«ልጄ፣ ተባረኪ! ሰዉ ጎረፈልን!»

«የምን ሰው?»

«ባለ ካሜራው ነዋ! ታንኳዋ አላረፈችም፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው። ካርታውን በስልካቸው ይዘው ስለሚመጡ መንገድ እንኳ አይጠይቁኝም።»

«ወፎቹስ?»

«እ?»

«ወፎቹ! ረዣዥሞቹ!»

«አሉ... አሉ። አንዷ ራቅ ብላ ቆማለች።»

«እንቁላሉ ላይ ማን አለ?»

«እሱን እንኳ አላየሁም» አለ። «ሰው በዝቶ።»

ለኤዲተሯ ጻፍኩ፦ ነጥቧን አሁኑኑ አንሱልኝ፣ ሰው ጎጆው ላይ ወጥቷል፣ እንቁላሉ ሳይፈለፈል ሊበርደው ነው። ከሰዓት መልስ መጣ። «እንዴት ያሳዝናል! ለቴክኒክ ክፍል አስተላልፈናል። በነገራችን ላይ ገጹ ከዓመቱ ሁሉ በጣም የተነበበው ሆኗል።»

በነገራችን ላይ!

ነገ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 7፣ ረቡዕ

ቄጠማው ተረጋግጦ መንገድ ወጥቶበታል። በእኔ ጊዜ መንገድ አልነበረም። ዳር ላይ መኪና ተደርድሯል፤ ካሜራው፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ የታሸገ ውኃው፣ ወንበሩ... ወንበር ይዘው መጥተዋል! አንዱ ድሮን አስነስቷል፤ ጎጆው ላይ እንደ ተርብ ጥዝዝ ይላል። ሁሉም «የተፈጥሮ ወዳጅ» ናቸው። ጃኬታቸው ላይ ተጽፏል።

አንዷ ሴትዮ አወቀችኝ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው? እናመሰግናለን!» ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች። አልፌያት ሄድኩ።

ሌንስ ቄጠማው ውስጥ ውኃ እስከ ወገቡ ደርሶ፣ ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሣር አስሮ ቆሟል። ከጎጆው አጠገብ። ድንጋይ ብወረውር እመታዋለሁ። ደግሞም አሰብኩት።

«ውጣ ከዚያ!»

«እሽ... ዝም በይ፣ ታስደነግጫታለሽ።»

«እኔ?! እኔ ነኝ የማስደነግጣት?»

«ወንዱን አነሳሁ፣ ሴቷ እስክትመለስ ነው።»

«አንተ እዚያ ቆመህ እንዴት ትመለስ?»

«ባክሽ አትጩኺ። እኔ ካርታ አላወጣሁም።»

በሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገረው፣ ሣር ጭንቅላቱ ላይ አስሮ።

ሽመላዋ ወዲያ ማዶ ባዶ ውኃ ላይ ቆማለች። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ወደ ጎጆዋ ሁለት እርምጃ ትመጣለች... ድሮኑ ጥዝዝ ይላል... ትመለሳለች።

ቀሚሴን ይዤ ገብቼ ሰዉን አንድ በአንድ ለምኜ አስወጣሁ። ጠባቂውን «አንተ እኮ ጠባቂ ነህ!» ብዬ ጮህኩበት። አንተ አልኩት፣ አባቴ የሚያህለውን ሰው። አንገቱን ደፋ። «ልጄ፣ አንቺ ያመጣሻቸው እንግዶች መስለውኝ ነው እኮ» አለ።

ሐምሌ 8፣ ሐሙስ

አንዱን እንቁላል ቁራ ወሰደው። ሌላውን እጄ ላይ አድርጌ አየሁት። ቀዝቃዛ ነው። እንደ ጠጠር። ሽመላዎቹ የሉም።

ሐምሌ 12፣ ሰኞ

ነጥቧን አነሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ካርታው አሁን የወፍ ሰብሳቢዎች ገጽ ሁሉ ላይ አለ። በሌላ ቀለም፣ በቀስት ሳይቀር።

ጋሽ ጉባኤ ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ኖሮ አንዲት ወፍ አልገደለም። ሄዶ ስለማያውቅ። እኔ እውነቱን በመጀመሪያው ትልቅ ጽሑፌ ጻፍኩ፣ ሁለት ገደልኩ። ማንን ልናቅ አሁን? ኧረ እሱን አሁንም እንቀዋለሁ። እኔም ግን ከጎኑ ቆሜአለሁ።

ሐምሌ 15፣ ሐሙስ

ኤዲተሯ፦ «የሆነውን ሁሉ ራስሽ ጻፊልን። ከልብ። ስሜትሽን ሳትደብቂ። አንባቢ ካንቺ ጋር ያለቅሳል።»

ይህም አንሶ ጋሽ ጉባኤ ቀድሞ ጽፎታል! ከወንበሩ ላይ! «አንዲት ችኩል ወጣት...» ብሎ ይጀምራል። ረግረጉን «አንድ ሩቅ ረግረግ» ይለዋል። መጨረሻው ላይ «የዝምታው ክብደት ትከሻዬ ላይ አረፈ» ይላል። የማን ትከሻ! የት ሆኖ!

ሐምሌ 16፣ ዓርብ

ሞከርኩ። «እጆቼ እየተንቀጠቀጡ ቀዝቃዛውን እንቁላል አነሳሁት» ብዬ ጻፍኩ። አልተንቀጠቀጡም። ደርቀው ነበር። ግን ያምራል... መልሼ ሳነበው ያምራል! ወዲያው ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር መጣልኝ፣ ሦስተኛም። እንዲህ ቀላል ነው ለካ? የገደልኩትን ወፍ ደግሜ ልሸጠው?

አጠፋሁት። ለኤዲተሯ «አልችልም» አልኳት። «ጊዜ ውሰጂ» አለች፤ የታመምኩ መስሏት።

ሐምሌ 23፣ ዓርብ

ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ላይ ነበርኩ። ዛሬ እህቴ ብርድ ልብሱን ገፈፈችኝ።

«ተነሺ። አነበብኩት።»

«ምኑን?»

«ያንን ረዥሙን። ሁሉንም።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አንድ ነገር አልገባኝም። እንቁላላቸው ሲጠፋ፣ እነዚህ ወፎች ሌላ አይጥሉም?»

ተነሥቼ ቁጭ አልኩ።

ይጥላሉ! ዝናቡ ገና ካላበቃ፣ ፀጥ ያለ ቦታ ካገኙ፣ ሌላ ጎጆ ሠርተው ይጥላሉ። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። አንድም ቀን ግን ትዝ አላለኝም። ስለ ራሴ ሳስብ ነዋ የከረምኩት!

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። «ለመተኛት ከሆነ ላብራቶሪ ይሻልሻል።»

ነገ እወጣለሁ። ለጠባቂው አልደውልም። ለማንም።

ነሐሴ 4፣ ማክሰኞ

አገኘኋቸው።

ከዚያ ረግረግ አይደለም። በእግር ነው የደረስኩት፣ ስንት ቦታ ከባዘንኩ በኋላ። የት እንደሆነ አልጽፍም። እዚህም አልጽፍም። ማስታወሻ ደብተር ይጠፋል፣ ሰው ይከፍተዋል።

ሁለቱ ናቸው። እሱ ነው የታቀፈው፣ እሷ ትበላለች። በሆዴ ተኝቼ ከሩቅ አየኋቸው። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። ትንፋሼን ያዝኩ። አላየችኝም... ወይም አይታ ናቀችኝ። እሷም መብቷ ነው።

አንዲት ፎቶ ብቻ አነሳሁ። ለምን አነሳሁ?

ነሐሴ 6፣ ሐሙስ

ኤዲተሯ በስልክ ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በየወሩ የሚወጣ ቋሚ ዓምድ ሊከፍቱ ነው። በስሜ! ስለ አገሩ ሁሉ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጫካው... ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት።

«መጀመሪያው ግን የሽመላዎቹ መጨረሻ መሆን አለበት። ተመልሰው ከሆነ ተስፋ ነው። አንባቢ ያንን እየጠበቀ ነው። ፈልገሻቸዋል?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ካርታስ?» አልኩ።

«ካርታ የለም፣ ቃሌ ነው። ፎቶ ግን የግድ ነው። ያለ ፎቶ ማን ያምነናል?»

«እስከ እሑድ ጊዜ ይስጡኝ።»

ያለ ካርታ እኮ ነው። ፎቶውን አየሁት፤ ሽመላዎቹ፣ ቄጠማው፣ ከጀርባ ቀጭን የኮረብታ ጫፍ። ከዚህ ማን ምን ያውቃል? አይደል?

ነሐሴ 8፣ ቅዳሜ

ፈተንኩት። ተማሪ ሳለን ሌንስ ባልመጣበት ጉዞ ያነሳሁት አንድ ፎቶ ነበረኝ፤ ሌላ ቦታ፣ የሆነች ድንቢጥ፣ ከጀርባ የኮረብታ ቁራጭ። «ይሄ የት ይሆን? ረሳሁት» ብዬ ላክሁለት።

ጥርሴን ቦርሼ ሳልጨርስ መለሰ። ኮረብታው፣ መንደሩ፣ የቆምኩበት ዳገት ሳይቀር። «ሌላም ላኪ፣ ሥራ ፈትቻለሁ» አለ።

ከሽመላዎቹ ፎቶ ላይ የኮረብታውን ጫፍ ብቆርጠውስ? ቄጠማው ይቀራል፣ ጥላው ይቀራል። ሽመላዎቹን ብቻ ባስቀርስ? ወሩ ይታወቃል፣ ረግረጎቹ የታወቁ ናቸው፣ ተከፋፍለው ይፈልጋሉ። ወንበራቸውን ይዘው። እኔ ካገኘኋቸው እነሱ ምን ያቅታቸዋል?

ፎቶውን ከካሜራው ላይ አጠፋሁት። ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ። ለሽመላዎቹ አይደለም፣ ለዓምዱ ነው። ልዋሽ?

ነሐሴ 9፣ እሑድ

ለኤዲተሯ ጻፍኩ፦ «ፈልጌ አላገኘኋቸውም።»

በሙያዬ የመጀመሪያው ውሸት። ፊደል እንኳ አልተሳሳትኩም።

ነሐሴ 13፣ ሐሙስ

ቋሚ ዓምዱ ለጋሽ ጉባኤ ተሰጠ! ስሙን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ከሜዳው»!

ሳቄ ቤቱን ሞላው። እህቴ ሮጣ መጣች። ነገርኳት፣ እሷም ሳቀች። ወንበር ላይ የሚጽፍ ሰልችቷት የነበረችው ኤዲተር!

ነሐሴ 29፣ ቅዳሜ

እህቴን ለማገዝ መድኃኒት ቤት ነበርኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት ካሜራ ሳልይዝ በእግሬ ወጣ እልና ከሰዓት እሷ ዘንድ እሠራለሁ። ካርቶን እከፍታለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ። ለአንድ ትንሽ ጋዜጣም ስለ ወንዙ ቆሻሻ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ቆሻሻውን ሰው ቢጎበኘው አይጎዳም።

ጋሽ ጉባኤ ገባ። ለጉልበቱ ቅባት ሊገዛ። ጉልበቱን ምን እንዳሳመመው እግዜር ይወቅ! አዲስ አጭር ኮት አድርጓል፣ ብዙ ኪስ ያለው፣ የበረሃ አሳሽ የሚለብሰው ዓይነት።

«የእነዚያ ሽመላዎች ነገር ጉድ እኮ ነው» አለኝ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። «ለዓምዴ አስቤአቸዋለሁ። አንቺ መቼም አርፈሽ አትቀመጪም። ሄደሽ ነበር?»

ፊቴ ይቀላል፣ አውቀዋለሁ። እንደ ሌላው ሰው መዋሸት አልችልም። ኤዲተሯን እንኳ የዋሸሁት በጽሑፍ ስለሆነ ነው። አፌን ከፈትኩ...

«የት ትሄዳለች ጋሼ?» አለች እህቴ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ይሄን ወር ከቤት አልወጣችም። ኢንተርኔት ላይ አንብባ ነው የምትጽፈው።»

ጋሽ ጉባኤ አየኝ። ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ፊቱ በራ። ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲህ በፍቅር አይቶኝ አያውቅም።

«ጎሽ!» አለ። «ያ ሁሉ መንከራተት ምን ሊያደርግ? እኔ መቼም ተስፋ አልቆረጥኩብሽም። አሁን ጋዜጠኛ ሆንሽ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እነሱን ጠፍተዋል ብዬ ልጻፋቸው ይሆን? ለዘላለም?»

«ለዘላለም ይበሉ ጋሼ» አልኩት። «ግሩም ይሆናል።»

ቅባቱን ከብዙዎቹ ኪሶች አንዱ ውስጥ ከቶ ወጣ። የሚያስለው ሰውዬ ተራውን ይጠብቅ ስለነበር እህቴ ሽሮፑን እየጠቀለለች በቅንድቧ ጠየቀችኝ።

ከባንኮኒው በታች ሁለት ጣቴን አሳየኋት። ዛሬ ጠዋት ነው የተፈለፈሉት።